ለእኩዮቼ፦ በባዶ ሆድ ስለሚጠጡ ሴት ልጆቻችን

እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው ለልጆቻችን አይደለም። እነሱን የሚመክርም የሚገሥጽም የሚያማም ሰው ሞልቷል። የምጽፈው ለእኛ ነው፤ በሠርግና በለቅሶ ወንበር ለሚለቀቅልን፣ በእድርና በማኅበር ቃላችን ለሚሰማልን። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ቤት ሠርተን፣ ሁለት ሦስት ሥራ እየሠራን ያሳደግናቸውን ሴት ልጆች ዩኒቨርሲቲ አስገብተን «ተመስገን፣ እነሱስ ደረሱ» ብለን ተቀምጠናል። አልደረሱም፤ ገና መንገድ ላይ ናቸው። ከመንገድ የሚያስቀር ነገርም አግኝቷቸዋል፤ እኛም ወይ አላየነውም፣ ወይ አይተን እንዳላየን አልፈነዋል።

ነገሩ ይህ ነው። ልጅቷ ማታ ከጓደኞቿ ጋር እንደምትወጣ ስታውቅ ከጠዋት ጀምራ ምግብ ትተዋለች። ቁርስ የለም፤ ምሳዋ ጥቁር ቡና ነው፤ እራት ሲደርስ «በልቻለሁ» ትላለች። ምግብ አጥታ አይደለም። መጠጥ እንደሚያወፍር ሰምታለች፤ እውነትም 1 ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ሲኖረው 1 ግራም አልኮል 7 አለው። ስለዚህ ሒሳብ ትሠራለች፤ የምሳዋን ለማታው መጠጥ ታስቀምጣለች። ማታ ቮድካውን ስኳር ከሌለው ለስላሳ ጋር ቀላቅላ ቶሎ ቶሎ ትጠጣለች። አንዳንዷ ከዚያ በኋላ ሆን ብላ ታስመልሳለች። በነጋታው ረሃቡ እንደገና ይጀመራል። የአሜሪካ ጋዜጦች ይህን ልማድ ከ2008 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ ሲጽፉበት ኖረዋል፤ በእኛ ማኅበር ውስጥ ግን እስካሁን አፍ አውጥቶ የተናገረ ሰው አልሰማሁም።

ሐኪም ካርዷ ላይ የሚጽፈው አኖሬክሲያ (ራስን ማስራብ) ወይም ቡሊሚያ (ብዙ በልቶ ማስመለስ) ነው፤ ከሥሩም የአልኮል ችግር ብሎ ያክልበታል። ሁለት መስመር ላይ ስለተጻፈ ሁለት የተለያየ ነገር አይምሰላችሁ። ምግብን ፈርታ የምትኖር ልጅ፣ በተለይም በልታ የምታስመልሰዋ፣ ወደ መጠጥ የመሳብ ዕድሏ ከሌሎች የዕድሜ ጓደኞቿ ከፍ ያለ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። እኛ ግን አንዱን ሕመም ለሁለት ከፍለን ለመጠጡ እንጮሃለን፣ ለቅጥነቱ እናጨበጭባለን። ማስጠንቀቂያዬ ይህ ነው፦ ብርጭቆውን ብቻ ከእጇ ብትቀሙ ልጅቷን አታድኗትም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሜሪላንድ ውስጥ በነርስነት ሠርቻለሁ። ስንቶቻችን በዚህ ሙያ እንጀራ እንደበላን ታውቃላችሁ፤ ቅዳሜ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው የምናገረው አይጠፋውም። «ትንሽ ቀምሳ ነው፣ ይለፍላታል» የምንለው በሰውነቷ ውስጥ የሚሆነውን ስለማናውቅ ነውና በጥሞና አድምጡኝ።

በዚህ አገር አንድ መጠጥ ሲባል 14 ግራም ንጹሕ አልኮል የያዘ ማለት ነው፤ 355 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ 148 ሚሊ ሊትር ወይን፣ ወይም 44 ሚሊ ሊትር ውስኪ ወይም ቮድካ። በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ለሴት 4፣ ለወንድ 5 እንዲህ ያለ መጠጥ ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ የመንግሥቱ የአልኮል ጥናት ተቋም ወስኗል። የሴቷ ልክ ያነሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የሴት ሰውነት ከወንድ ያነሰ ውሃ ስላለው ያው መጠጥ በደሟ ውስጥ ይበረታል፤ አልኮልን የሚሰባብረው የጨጓራ ኢንዛይምም በሴት ላይ አነስተኛ ነው። ልኩ ይህ የሆነው እንግዲህ ለጤነኛ ሴት ነው። ቀኑን ምግብ ሳትቀምስ ለዋለች፣ ለከሳች ልጅ አራተኛው መጠጥ ምን እንደሚሆን ራሳችሁ ገምቱት።

የበላ ሰው ጨጓራ መጠጡን ያዘገየዋል። ባዶ ጨጓራ ግን ወዲያው ወደ ትንሹ አንጀት ይለቀዋል፤ አልኮል በብዛት ወደ ደም የሚገባው ከዚያ ነው። ስኳር የሌለው ለስላሳ ሲቀላቀልበት ደግሞ ይብሳል፤ ስኳሩ ጨጓራን ትንሽ ያዘገይ ነበርና፣ ያ ሲቀር ያው የቮድካ መጠን ደሟ ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል። ልጅቷ ውፍረትን ስትሸሽ ስካሩን ታፋጥነዋለች።

ከሁሉ የምፈራው የደም ስኳሯን ነው። ጉበታችን ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስኳር አለ። አንድ ቀን ያህል ካልበላን ያ ስንቅ ያልቅና ጉበት ከሌላ ነገር አዲስ ስኳር መሥራት ይጀምራል። አልኮል ይህንን ሥራ ያስቆመዋል። ስለዚህ ያልበላች ልጅ ስትጠጣ የደሟ ስኳር ድንገት ሊወርድ ይችላል። ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ምላሷ ይተሳሰራል፣ ትወድቃለች። አጠገቧ ያሉት ልጆች «ሰክራለች፣ ትተኛ» ብለው ብርድ ልብስ ይደርቡላታል። ስካር ብቻ አይደለም፤ አንጎሏ የሚሠራበትን አጥቷል።

የምታስመልሰዋ ልጅ ሌላ አደጋ አለባት። ተደጋጋሚ ትውከት ከሰውነት ፖታሲየም ያጥባል፤ ፖታሲየም ሲጎድል የልብ ምት ይዛባል፤ የተዛባ የልብ ምት ደግሞ ዕድሜ አይመርጥም። የእኛ ዘመን ሰው ካረን ካርፔንተርን ያስታውሳታል። ያቺ ድምፀ መልካም ዘፋኝ ለዓመታት ከአኖሬክሲያ ጋር ስትታገል ኖራ የካቲት 1983 እ.ኤ.አ. በ32 ዓመቷ ልቧ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ረሃብና መጠጥ ሲደራረቡ ደግሞ ቢ1 የሚባለው ቪታሚን ያልቃል፤ ያ ሲያልቅ አንጎል ይጎዳል፣ አካሄድ ይንገዳገዳል፣ ትዝታ ይጠፋል፤ የጠፋውም ሁልጊዜ አይመለስም። ገና ሃያ ዓመቷን ያልደፈነች ልጅ ናት እያልኳችሁ ያለሁት።

አሁን «ለምን አርፋ አትበላም?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኛ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየን ትውልድ ነን። የአንዲት ፍሬ ስንዴ ዋጋ ያወቅን ሰዎች ፍሪጅ ሙሉ ምግብ ባለበት ቤት በፈቃዷ የምትራብ ልጅ ስናይ ቅብጠት ይመስለናል፤ አንዳንዶቻችንም እንቆጣለን። ግን ረሃብ በፈቃድ ቢጀመርም በፈቃድ አይቆምም። ይህን የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ ጦር ሜዳ መሄድን በሕሊናቸው የተቃወሙ 36 ጤነኛ ወንዶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት ምግባቸውን ቀንሶ አስቀመጣቸው። ሰውነታቸው በሩብ ያህል ቀነሰ። ጤነኞችና ጠንካሮች ሆነው ተመርጠው ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን ሌት ተቀን ምግብ ብቻ የሚያስቡ፣ ሳህን የሚልሱ፣ የማያበስሉትን ምግብ አሠራር የሚያነብቡ፣ ከሰው የሚርቁ፣ በትንሹ የሚቆጡ ሰዎች ሆኑ። ምግብ ሲፈቀድላቸው አንዳንዶቹ እስኪያማቸው በልተውም ጥጋብ አልሰማቸው አለ። እነዚህ ሰዎች ስለ ውበት የሚጨነቁ ልጃገረዶች አልነበሩም። ረሃቡ ራሱ አእምሯቸውን ቀየረው።

ልጃችሁም እንዲሁ ናት። ቀኑን ሙሉ ራሷን አንቃ ትይዛለች፤ ማታ መጠጡ ያንን ልጓም ይፈታዋል፤ ከዚያ የተራበው ሰውነቷ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ፒዛው፣ ኬኩ፣ ከቤት የቋጠራችሁላት ዳቦ ቆሎ ሁሉ በሌሊት ያልቃል። ሲነጋ የሚጠብቃት ኀፍረት ነው። ኀፍረቱን በትውከትና በባሰ ረሃብ ትከፍለዋለች፤ ረሃቡን ለመርሳት እንደገና ትጠጣለች። ይህች ልጅ ጋ ሄዶ «መጠጥ ተይ» ብቻ ማለት ምን ይረዳታል? መጠጡን ብትተው እንኳ ረሃቡ ሊጠነክር ይችላል። ምግቡ ላይ ብቻ ያተኮረ ሕክምናም መጠጡን ካልጠየቀ እንደዚያው ይከሽፋል።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለውን ቃል ደግሞ በማኅበራችን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ፊጂ ስለምትባለው የፓስፊክ ደሴታማ አገር ልንገራችሁ። የፊጂ ሰዎች እንደ እኛ ሞላ ያለ ሰውነት የሚያከብሩ፣ እንግዳን «ብላ፣ ጠጣ» ብለው የሚያስጨንቁ፣ የከሳን ሰው «ምን ነካው» ብለው የሚጨነቁ ሕዝቦች ናቸው። ናድሮጋ በተባለው ግዛት ቴሌቪዥን የገባው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። አን ቤከር የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ በዚያው ዓመት ተማሪ ልጃገረዶችን ስትጠይቅ ለመክሳት ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልተገኘችም። በ1998 ዳግመኛ ስትጠይቅ 11.3 በመቶዎቹ እናስመልሳለን አሉ። ሦስት ዓመት ብቻ ነው ያለፈው። የእኛ ልጆች ደግሞ ከቴሌቪዥን የባሰውን በኪሳቸው ይዘው ነው የሚያድሩት። ደም አይከላከልም፣ ባህል አይከላከልም፣ ቋንቋም አይከላከልም።

እንዲያውም የእኛ ልጅ በሁለት አፎች መካከል ነው ያለችው። ለበዓል ስትመጣ አንዷ አክስቷ «ውይ፣ ከሳሽ! ምን ሆንሽብን?» ብላ ሦስት ጊዜ ታጎርሳታለች። ሌላዋ ከወገቧ ይዛ «አሁን ገና አማረብሽ፣ ሞዴል መሰልሽ፣ ምን ተጠቅመሽ ነው?» ትላለች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «ጉንጭሽ ሞላ፣ አሜሪካ ተስማማሽ» ይባላል፤ እኛ በደስታ ያልነው ነው፤ እሷ ግን ያንን ቃል ይዛ መታጠቢያ ቤት ትገባለች። ሚዜ ስትመረጥ ቀሚሱ እንዲገባት «እስከ ሠርጉ ቀንሺ» ይሏታል፤ የሚሉት እናቶች ናቸው። በዚያው ሠርግ ላይ «አንድ ያዢ እንጂ፣ ምን ሆነሻል፣ ደስ አይልሽም?» እያሉ ብርጭቆ የሚያስጨብጧትም እኛው ነን።

ሰው ስንገናኝ ስለ ሰውነቱ መናገር የፍቅራችን መግለጫ ሆኖ እንደኖረ አልክድም። ሞት በበዛበት፣ እህል ባነሰበት ዘመን «ወፈርሽ» ማለት «ተርፈሻል» ማለት ነበር። ያ ዘመን ልጆቻችን የሚኖሩበት አይደለም። ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ወፈረችም ከሳችም፣ ቆነጀችም ጠወለገችም፣ በሰው ፊት ስለ ሰውነቷ ምንም አትናገሩ። «ናፍቀሽኛል» ማለት ይበቃል።

ስለ ጾምም ልናገር፤ ነገሩ ከባድ ስለሆነ በአክብሮት ስሙኝ። ቤተ ክርስቲያናችን በዓመት 180 ያህል ቀን ታስጾመናለች፤ እኔም የምጾም ሰው ነኝ። ነገር ግን ጾም ለታመመች ልጅ መደበቂያ ሊሆን ይችላል። ረቡዕና ዓርብን ስታልፍ የኖረች ልጅ ድንገት ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልጾምኩ ስትል፣ ፋሲካ አልፎም ሥጋና ወተት «አልወደውም» ብላ ስትቀር፣ ማታ ማታ ግን ከመጠጥ ካልጾመች፣ «ልጄ መንፈሳዊ ሆነች» ብላችሁ አትደሰቱ። ጠይቋት፤ የንስሐ አባቷንም አማክሩ። የታመመን ሰው ከጾም የመፍታት ሥልጣን አላቸው፤ በነርስነት ዘመኔ ይህን በርኅራኄ የሚያደርጉ አባቶች አይቻለሁ። ሙስሊም እህቶቼም ታውቁታላችሁ፤ ለታመመ ሰው የረመዳንን ጾም ያቀለለለት ቁርኣኑ ራሱ ነው።

ጠበልም እንዲሁ። ሕመሟን ሲያውቁ መጀመሪያ ወደ ጠበል የሚወስዷት ወላጆች አሉ፤ በእምነታቸው አልፈርድም። ነገር ግን በትውከት ብዛት ፖታሲየሟ የወረደን ልጅ እያስጾሙ ብዙ ውሃ አጠጥቶ ማስመለስ ልቧን ሊያቆመው ይችላል። አስቀድማችሁ ደሟን አስመርምሩ፣ የልብ ምቷን በኢ.ኬ.ጂ. አሳዩ። ከዚያ ሐኪሙ የፈቀደውን ያህል በመርጨትም በመጠመቅም እምነታችሁን ፈጽሙ።

ሌላው መድኃኒታችን ዝምታ ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብለን እናድራለን። ስሟ ይጠፋል፣ ባል አታገኝም፣ የእከሌ ልጅ ሰካራም ናት ይባላል እንላለን። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት እንደማያገኝ ለሌላው እንመክራለን፤ የራሳችን ቤት ሲሆን ግን በር እንዘጋለን። ወሬው ሲሰማ ደግሞ ቁጣው ይመጣል፤ ገንዘብ መቁረጥ፣ ስልክ መንጠቅ፣ «አገር ቤት ልልካት፣ እዚያ ትታረም» ማለት። ልጅቷን የምንልክባት አዲስ አበባ እኛ የምናስታውሳት ከተማ አይደለችም። አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ቢከለክልም መጠጥ ቤቱ በየመንገዱ ነው፤ ለአመጋገብ ሕመም የሠለጠነ ባለሙያ ማግኘት ደግሞ እዚያ ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። አክስቷ ቤት ተቀምጣ በጓዳ ትራባለች፣ በጓዳ ታስመልሳለች። ችግሩን አላራቅነውም፤ ልጅቷን ከሐኪሙ አራቅናት።

እናቶች ደግሞ ስትከሳ አይተን የምንሮጠው ወደ ማጀት ነው። ገንፎ በቅቤ፣ ክትፎ፣ ወተት፣ አጥሚት፣ ሁሉንም በአንድ ቀን። እጅግ የከሳችና ለረጅም ጊዜ ያልበላች ልጅ በድንገት በብዛት ስትመገብ ግን በደሟ ውስጥ ያሉት ማዕድናት፣ በተለይ ፎስፌት፣ በአንዴ ሊወርዱና ልቧን ሊያቆሙት ይችላሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስር ቤቶች የወጡ የተራቡ ሰዎች ምግብ ካገኙ በኋላ ሲሞቱ ሐኪሞች ያዩት ይህንን ነው። የ77ቱን ረሃብ ያየን ሰዎች ልንረሳው አይገባም፤ ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በሐኪም ዓይን ሥር፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚመገበው። በየቀኑ አብዝታ ስትጠጣ የኖረች ልጅም መጠጡን ባንድ ቀን ስታቆም የሚጥል ሕመም ሊነሣባት ስለሚችል ያንንም በራሳችሁ አትሞክሩት።

ምን እንይ ብትሉኝ፣ የሚታየው ብዙ ነው። በበጋ ሹራብ ለብሳ የሚበርዳት ልጅ። የወር አበባዋ የጠፋ። ፀጉሯ የሚረግፍ፣ በክንዷና በጀርባዋ ላይ ግን ቀጭን ፀጉር የሚያበቅል። ከምግብ በኋላ ወዲያው መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ የምትከፍት። ጉንጮቿ ከጆሮዋ ሥር ያበጡ፣ በጣቶቿ አንጓ ላይ ጠባሳ ያለባት፣ የጥርሷ ኢናሜል የተበላ። ለሌላው ወጥ እየሠራች እሷ የማትቀምስ። መጠጥ ያለበት ድግስ ሲሆን ቀኑን ሙሉ የማትበላ። የሌሊቱን ነገር በነጋታው የማታስታውስ። ደግሞም ልብ በሉ፤ በዓይን የከሳች መሆን የለባትም። ቡሊሚያ ያለባት ልጅ ብዙ ጊዜ መካከለኛ ሰውነት ነው ያላት፤ ለዚህም ነው ማንም የማይጠረጥራት።

ስለዚያች ሌሊት አንድ ነገር ልጆቻችሁ ሁሉ እንዲያውቁት ንገሯቸው። ጠርተዋት የማትነቃ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች የምትተነፍስ ወይም በትንፋሿ መካከል 10 ሰከንድ የሚያልፍባት፣ ከንፈሯ የጠቆረ፣ ሰውነቷ የቀዘቀዘ ልጅ ተኝታ አያልፍላትም። መጠጡን ካቆመችም በኋላ በደሟ ውስጥ ያለው አልኮል መጨመሩን ይቀጥላል። በጎኗ ያስተኟት፣ ብቻዋን አይተዋት፣ ቡናም ቀዝቃዛ ውሃም አያስፈልግም፣ 911 ይደውሉ። አምቡላንሱ ሲመጣም «ቀኑን ሙሉ አልበላችም» ብለው ይንገሯቸው፤ የስኳሯ ነገር ቶሎ የሚታየው ያኔ ነው። መጠጣት የሚፈቀደው ከ21 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ ልጆች ፖሊስ ፈርተው ሳይደውሉ ይቀራሉ። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጨምሮ በብዙ ግዛቶች ግን እርዳታ ለጠራ ልጅ ሕጉ ከለላ ይሰጣል። ከፖሊስ ይልቅ የሚፈሩት እኛን ነው፤ እኛም ከለላ እንደምንሰጥ አስቀድመን እንንገራቸው። «በየትኛውም ሰዓት ደውዪልኝ፣ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ በዚያች ሌሊት አንድም ጥያቄ አልጠይቅሽም» በሏት፤ ያላችሁትንም ጠብቁ።

18 ዓመት ከሞላት ሐኪሙ ያለ ፈቃዷ ምስጢሯን አይነግራችሁም። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። እናንተ ግን ያያችሁትን ለሐኪሙ መንገር ትችላላችሁ፤ ያንን የሚከለክል ሕግ የለም። የምግቡንም የመጠጡንም አንድ ላይ ንገሩት፤ ካልተነገረው አንዱን ብቻ አክሞ ሊሸኛት ይችላል። እስከ 26 ዓመቷ በእናንተ ኢንሹራንስ ልትታከም ትችላለች። ሞትን ካነሳች ደግሞ ለነገ አትተዉት፤ በዚህ ሕመም ከሚሞቱት ጥቂት የማይባሉት የሚሞቱት በገዛ እጃቸው ነውና፤ 988 በቀንም በሌሊትም ያነሳል። ለንደን በሚገኘው ሞድስሊ ሆስፒታል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ወደ ብዙ አገር የተስፋፋ ሕክምናም አለ፤ በተለይ ገና ለጋ ለሆኑትና ሕመሙ ላልቆየባቸው ልጆች ይሠራል። እዚያ ወላጅ ጥፋተኛ ተብሎ ከበር ውጭ አይቆምም፤ ሦስቱን የቀን ምግቦች ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲያስመግብ ይሠለጥናል። አብሮ በአንድ መሶብ መብላት የለመደ ሕዝብ ለዚህ ሥራ ከማንም ያነሰ አይደለም።

አባቶች፣ እናንተንም ልናገራችሁ። ይህ የእናት ጉዳይ አይደለም። በየሳምንቱ ሳሎን ውስጥ ውስኪ ተከፍቶ እስከ እኩለ ሌሊት ሲወራ ልጅቷ ፎቅ ላይ ሆና ትሰማለች። የጠጣ ወንድ «ተጫዋች» ሲባል፣ የጠጣች ሴት «ብልሹ» ስትባልም ትሰማለች። ከዚህ ቤት ወጥታ ስትታመም ለአባቷ ምን ብላ ትንገር? በቤታችሁ ያለውን ጠርሙስ አንሡት። ያንን ካላደረጋችሁ ምክራችሁን አትቀበለውም፤ ባትቀበለውም አልፈርድባትም።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባችን ይህ ጉዳይ በአጀንዳ ይያዝ። ከሞተች በኋላ ድንኳን ለመትከል የምንሰበሰበውን ያህል በሕይወት ሳለች እንሰብሰብ። ሐኪሞችና ነርሶች የሆናችሁ ወገኖች ስብሰባው ላይ ቆማችሁ በአማርኛ አስረዱ፤ ካህናትና ኢማሞች ስለ ታማሚ ጾም ግልጥ አድርጋችሁ አስተምሩ። እናንተ ወላጆች ግን ስብሰባውን አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ደውሉላት። ስለ ውጤቷም ስለ ክብደቷም አትጠይቋት፤ «ፈርቼልሻለሁ፣ ምግብ እየበላሽ ነው ወይ?» በሏት። ከመለሰችላችሁ ሳታቋርጡ አድምጧት። ካልመለሰችላችሁ መኪናችሁን አስነሥታችሁ ሂዱ።